ዓመት በዓልና የቤተሰብ ዕርቅ በነፋስ ስልክ ላፍቶ፦ የዋዜማው ሥራና ከበዓሉ በኋላ የሚቀረው ጉዳይ

መግቢያ

በቅዳም ሥዑር ምሽት በአዲስ አበባ ወጥ ቤቶች ውስጥ ደጋግሞ የሚሰማ ጥያቄ አለ፤ «ስንት እንቁላል ይቀቀል?» የሚል። የዶሮው ብልት ዐሥራ ሁለት ሆኖ አስቀድሞ የተወሰነ ነው፤ እንቁላሉ ግን በሰው ቁጥር ልክ ይቀቀላል። ስለዚህ ጥያቄው ከእንቁላልነቱ ያልፋል። ነገ ወደ ማዕዱ የሚቀርበው ማን ነው? የማይመጣውስ? ያኮረፈው ይቆጠራል ወይስ ይተዋል? ይህን ሁሉ የቤቱ እናት ድስቱ አጠገብ ቆማ መወሰን አለባት።

ይህ አጭር ጽሑፍ በነፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የበዓል ሰሞን ልማዶች በቤተሰብ መካከል የገባን ቅያሜ እንዴት እንደሚያበርዱ ይመረምራል። ጸሐፊው የሚከራከረው፣ ቤተሰብን የሚያስታርቀው ከበዓሉ ደስታ ይልቅ የበዓሉ ዝግጅት መሆኑን ነው። መቁጠር፣ መከፋፈል፣ መላክና መጥራት የሚባሉት ጥቃቅን ተግባራት ጠብን ሸሽጎ መኖርን አስቸጋሪ ያደርጋሉ፤ ዋዜማው ደግሞ ሊራዘም የማይችል ቀነ ገደብ ነው። ይሁን እንጂ በዚህ ጥድፊያ የሚገኘው ዕርቅ የተቋረጠውን ንግግር ይመልሳል እንጂ የጠቡን መነሻ አይፈታም። ሁለቱ ጉዳዮች ተምታተው እንደ አንድ ሲታዩ ዋጋውን የሚከፍለው አብዛኛውን ጊዜ ደካማው ወገን ይሆናል።

ጽሑፉ የተመሠረተው ጸሐፊው በክፍለ ከተማው ተወልዶ ሲያድግ በቤተሰቡና በጎረቤቱ ባየው፣ በሚታወቁ የሀገሪቱ የበዓል ሥርዓቶችና ለሕዝብ በታወጁ ሕጎች ላይ ነው። በናሙና የተደገፈ የመስክ ጥናት አይደለም፤ ለእንዲህ ዓይነት ጥናት መነሻ የሚሆን ሐሳብ ለማቅረብ ግን ይሞክራል።

የተበተነ ቤተሰብ በአንድ ክፍለ ከተማ

ነፋስ ስልክ ላፍቶ ከአዲስ አበባ ዐሥራ አንድ ክፍለ ከተሞች አንዱ ሲሆን በከተማዋ ደቡባዊ ክፍል ይገኛል። ሳሪስ፣ ጎፋ፣ መካኒሳ፣ ላፍቶ፣ ለቡ፣ ጀሞና ሃና ማርያም በዚሁ ክልል የሚጠሩ ሰፈሮች ናቸው። የአካባቢው የቤት አሠራር አንድ ወጥ አይደለም። በሳሪስና በጎፋ ነባር ግቢዎችና የቀበሌ ቤቶች አሉ፤ በለቡና በመካኒሳ በማኅበር ተደራጅተው የሠሩ ቤተሰቦች ይኖራሉ፤ በጀሞና በሌሎችም ቦታዎች ከ1990ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ የተገነቡ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ተደርድረዋል።

ይህ ልዩነት የአንድን ቤተሰብ አባላት አራርቋል። አያት በሳሪስ ነባር ግቢ ይቀመጣሉ፤ ሴት ልጃቸው የኮንዶሚኒየም ዕጣ ደርሷት ወደ ጀሞ ሄዳለች፤ ወንድ ልጃቸው ለቡ አካባቢ ተከራይቷል። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚዘልቀው ቀላል ባቡር ሳሪስን አቋርጦ ወደ ቃሊቲ ይወርዳል እንጂ ወደ ጀሞ አይታጠፍም። ከሳሪስ ጀሞ በካርታ ላይ ሩቅ ባይሆንም፣ በበዓል ዋዜማ በታክሲ ለሚሄድ ሰው ግማሽ ቀን ሊወስድበት ይችላል። ያኮረፈ ሰው ለመቅረቱ መንገዱን ማመካኘት ቀላል ይሆንለታል። አንድ ግቢ ውስጥ ይኖር የነበረ ቤተሰብ ይህ ምክንያት አልነበረውም፤ ወንድም ወንድሙን ቢያኮርፍም ውኃ ሊቀዳ ሲወጣ ፊት ለፊት ይገናኛል።

የክፍለ ከተማው ነዋሪ የመጣበት አካባቢም ብዙ በመሆኑ «የበዓል ሰሞን» የሚባለው አንድ ወቅት አይደለም። ለአንዱ ቤት ዋነኛው የዕርቅ ጊዜ መስቀል ነው፤ ለሌላው ፋሲካ፤ ለሌላው ደግሞ በጨረቃ አቆጣጠር ከዓመት ዓመት የሚዘዋወረው ዒድ አልፈጥር። በአንድ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ ደረጃ ላይ እነዚህ ሁሉ ይተላለፋሉ።

ጠብ፣ ቅያሜ፣ ኩርፊያ

በአማርኛ በሰዎች መካከል የሚገባውን መቃቃር ለመግለጽ የምንጠቀምባቸው ቃላት በክብደት ይለያያሉ፤ ልዩነቱም ለዚህ ጉዳይ ጠቃሚ ነው። ጠብ በግልጽ የሚታይ ነው፤ ቃል ይወጣበታል፣ እጅም ሊነሣበት ይችላል። ቅያሜ በልብ ይቀመጣል፤ የተቀየመ ሰው ሰላምታ ይሰጣል፣ ሰላምታው ግን ያጥራል። ኩርፊያ ንግግርን መዝጋት ነው። ቂም ከሁሉ ይልቅ የሚቆየው ነው፤ ጊዜ ሲጨመርበት ይጠነክራል እንጂ አይሟሽሽም። ደም የገባበት ጉዳይ ደግሞ ከእነዚህ ሁሉ ውጭ የሆነ የራሱ ሥርዓት አለው።

የበዓል ሰሞን ልማዶች የሚያክሙት በተለይ ኩርፊያንና ቅያሜን ነው። ኩርፊያ ዝምታ በመሆኑ፣ ዝምታውን የሚሰብር አጋጣሚ ከተገኘ ግማሹ ሥራ ይጠናቀቃል። «እንኳን አደረሰህ» የሚለው ቃል ለዚህ የተመቸ ነው። ተናጋሪው ስለ ጥፋቱ ምንም ሳያነሣ፣ ማን ቀድሞ በደለ የሚለውን ክርክር ሳይከፍት፣ የተዘጋውን አፍ ይከፍታል። ሰሚውም «እንኳን አብሮ አደረሰን» ብሎ ሲመልስ «አብሮ» የምትለዋን ቃል ሳይፈልግም ቢሆን ይናገራታል። በስልክም ሲሆን ያው ነው። ባሕር ማዶ ያለች እኅት ለዓመታት ካኮረፈችው ወንድሟ ጋር ንግግር የምትጀምረው ብዙውን ጊዜ በበዓል ጠዋት በምትልከው የድምፅ መልእክት ነው፤ ያለ ሽቦ የሚጓዝ ድምፅ መሆኑን ለሚያስብ ሰው የሰፈሩ ስም ፈገግ ያሰኘዋል።

ዋዜማው እንደ ቀነ ገደብ

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ገናም ፋሲካም በጾም የሚቀደሙ በዓላት ናቸው። የነቢያት ጾም ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና ዋዜማ ይዘልቃል፤ ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ጾሙ ከምግብ ከመከልከል ባሻገር ከቂም መንጻትን ይጠይቃል። የንስሐ አባት ልጃቸውን ለቁርባን ሲያዘጋጁ የተጣላው ሰው እንዳለ ይጠይቃሉ፤ ካለ ቀድሞ እንዲታረቅ ያዛሉ። መባውን በመሠዊያው ፊት ትቶ በመጀመሪያ ከወንድሙ ጋር እንዲታረቅ የሚያዝዘው የማቴዎስ ወንጌል ትምህርት የዚህ ሥርዓት መሠረት ነው። ሕዝቡ ይህንኑ «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ብሎ በተረት አሳጥሮታል።

ከሁሉ ይልቅ ግን ትኩረት የሚሻው የሰሙነ ሕማማት ልማድ ነው። በዚያ ሳምንት ይሁዳ ጌታውን በመሳም አሳልፎ መስጠቱ ስለሚታሰብ ምእመናን በመሳሳም ሰላም አይባባሉም። በቤተሰብ ውስጥ የዚህ ውጤት ምን እንደሆነ ብዙ አልተስተዋለም። ለአንድ ሳምንት ያልተጣላውም ከተጣላው እኩል ሳይስም ያልፋል፤ የኩርፊያ ምልክት የነበረው አለመሳሳም የሁሉ ሰው ምልክት ስለሚሆን ያኮረፈው ሰው ተለይቶ አይታይም። ፋሲካ ሲደርስ ሰላምታው ለሁሉም በአንድ ጊዜ ይመለሳል። በዚያች ሰዓት ወንድሙን የሚስም ሰው «ተሸንፎ ሳመ» አይባልም፤ ሁሉም እየሳመ ነውና። ሥርዓቱ የተደነገገው ለሌላ ምክንያት ቢሆንም፣ ለኩሩ ሰው ክብሩን ሳይነካ የሚመለስበትን በር ከፍቶለታል።

በእስልምና ሙእሚን ከወንድሙ ጋር ከሦስት ቀን በላይ ተኳርፎ እንዳይቆይ የሚያዝዝ የነቢዩ ትምህርት የታወቀ ነው። የረመዳን ወር ሲያልቅ፣ ከዒድ ሶላት በፊት ዘካተል ፊጥር ለችግረኛ ይሰጣል፤ ከሶላት በኋላ ዘመድ ይጠየቃል። በወሎና ከዚያ በመጡ ቤተሰቦች ዘንድ «አፉ በለኝ» የሚለው የይቅርታ መጠየቂያ ይሰማል። ቃሉ ከዐረብኛ የመጣ ሆኖ ሳለ ዛሬ ክርስቲያኑም እንደ ራሱ ይናገረዋል።

የጉራጌ ቤተሰቦች መስቀል ደግሞ የዋዜማን ጉልበት ከሁሉ አጉልቶ ያሳያል። በዓሉን የየእምነቱ ተከታይ በየአቅሙ ያከብረዋል። ወንዶች ለበሬው ዓመቱን ሙሉ ዕቁብ ይጥላሉ፤ ሴቶች ቅቤ ያጠራቅማሉ። በመስከረም አጋማሽ በጀሞ በኩል ወደ ዓለም ገናና ወደ ቡታጅራ የሚወስደው መንገድ በተሳፋሪ ይጨናነቃል። ዓመቱን በከተማ ንግድ የተጠመደ ሁሉ ወላጆቹ ደጃፍ ስለሚሰበሰብ፣ የተጣላ ወንድማማች በአንድ ጎጆ ማደሩ የማይቀር ነው። ሽማግሌዎች ይህን ስለሚያውቁ ቂም ይዞ መስቀልን መቀበል ነውር መሆኑን አስታውሰው ከዋዜማው በፊት ጉዳዩን ይጨርሳሉ። በወላይታ ጊፋታ፣ በሲዳማ ፍቼ ጨምበላላና በጋሞ የመስቀል በዓልም አዲሱን ዓመት ያለ ቂም መግባት የበዓሉ አካል ነው። ፍቼ ጨምበላላ በ2015 እንደ ጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሲሰፍር ይኸው የዕርቅ ይዘቱ ከፍ ያለ ቦታ ነበረው። የጋሞ ሽማግሌዎች በመስከረም 2011 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ ከተማ እርጥብ ሣር ይዘው በተቆጡ ወጣቶች ፊት ተንበርክከው ጥፋትን ማስቀረታቸው ይታወሳል። ያ የሆነው ከመስቀል ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ ነበር። በዓሉ ባይቀርብም ይንበረከኩ ነበር ለማለት ይቻላል፤ ሣሩንና ጉልበቱን ወጣቶቹ ወዲያው የተረዱት ግን በየቤታቸው ሲያዩት ስላደጉ ነው።

ቅርጫውና ኮሚዩናሉ

ቅርጫ ከሥጋ መግዣነት ያለፈ ማኅበራዊ ሥራ አለው። ጎረቤታሞች ገንዘብ አዋጥተው በሬ ይገዛሉ፤ ይታረዳል፤ ሥጋው በአባላቱ ቁጥር ልክ በመደብ በመደብ ይቀመጣል። ከዚያ ዕጣ ይጣላል። መደቡን ያስተካከለው ሰው የትኛው እንደሚደርሰው ስለማያውቅ አንዱን አሳንሶ ሌላውን አያተልቅም። ዕጣው አድልዎን ብቻ ሳይሆን ሐሜትንም ይከለክላል። ለዕርቅ ያለው ትርጉም ደግሞ ሁለት የተኳረፉ ሰዎች በአንድ ቆዳ ዙሪያ ለግማሽ ቀን አብረው መቆማቸው ነው። ቢላ ይቀባበላሉ፤ አንዱ እግሩን ይይዛል፣ ሌላው ይበልታል። «ያንን አቀብለኝ» ማለት አይቀርምና ንግግሩ ከሥራ ይጀምራል። ከቅርጫው ራሱን ያገለለ ሰው ጠቡን ለሰፈሩ ሁሉ አወጀ ማለት ስለሆነ፣ ብዙዎች ለመገለል ከመድፈር መዋጣትን ይመርጣሉ።

የጋራ መኖሪያ ቤቶች ዕቅድ ይህን ልማድ ፈጽሞ አልረሳውም። በየሳይቱ ለዕርድ፣ ለልብስ አጠባና ለእንጀራ ጋገራ የታሰቡ የጋራ መጠቀሚያ ሕንፃዎች ተሠርተዋል፤ ነዋሪው «ኮሚዩናል» ይላቸዋል። ኮሚዩናል ባለበት ሁሉ ቅርጫ ይኖራል ማለት ግን አይደለም። አንዳንዱ ለኪራይ ውሏል፤ አንዳንዱ ተቆልፎ ይውላል። ቅርጫው ባለበትም አባላቱ በዕጣ አንድ ሕንፃ ላይ የተገናኙ ጎረቤቶች እንጂ ዘመዳሞች አይደሉም። ነባሩ የሳሪስ ቅርጫ ወንድማማችን፣ አማችንና ጎረቤትን በአንድ ቆዳ ዙሪያ ያቆም ነበር፤ የጀሞው የሚያቆመው ጎረቤትን ብቻ ነው። የሥጋው ዕጣ ሰዎችን ያቀራርብ እንደነበር ሁሉ የቤቱ ዕጣ አራርቋቸዋል። በዚህ ምክንያት በኮንዶሚኒየም ኑሮ የቤተሰብ ዕርቅ ሸክም ከወንዶቹ የእርድ ቦታ ወደ ሴቶቹ ወጥ ቤትና ስልክ ተዛውሯል የሚል ግምት ጸሐፊው አለው። ከቅርጫ ይልቅ ዛሬ ቤተሰቡን የምትቆጥረው እንቁላል የምትቀቅለው ሴት ናት።

ሽማግሌ በበዓል ሰሞን

የሽምግልናው ሥርዓት በመላ ሀገሪቱ በሚታወቁ ምልክቶች ይከናወናል። ሽማግሌዎች አብዛኛውን ጊዜ በሦስት ይሄዳሉ፤ «እሺ» እስኪባሉ ድረስ አይቀመጡም፤ የቀረበላቸውን አይቀምሱም። በዳይ ድንጋይ በትከሻው ተሸክሞ ወይም ተንበርክኮ ይቅርታ ይጠይቃል። ተበዳይ «ይቅር ለእግዚአብሔር» ይላል፤ ጉልበት ይሳማል፤ ታናሽ ለታላቅ ይነሣል። በመጨረሻ አብሮ መብላት ይከተላል።

በዓል ለዚህ ሥርዓት ሦስት ነገር ያቀልለታል። ሰው ሁሉ ቤቱ ይገኛል። ምግቡ አስቀድሞ ተዘጋጅቷል። ከሁሉ በላይ ደግሞ እምቢታ ይከብዳል፤ በሌላ ቀን «አስቤበት እነግራችኋለሁ» ማለት ትሕትና ሲሆን በዋዜማ ግን የበዓሉን ማዕድ መበተን ይሆናል። ለወላጅ፣ ለአማት ወይም ለክርስትና አባት ተይዞ የሚሄደው የፋሲካ አክፋይም በዚህ ላይ ያግዛል። ያኮረፈ አማች አክፋዩን ካስቀረ ወሬው ሰፈሩን ያዳርሳል፤ ከወሰደ ደግሞ ደጃፉን መርገጡ አይቀርም።

ይህ ሦስተኛው፣ የእምቢታ መክበድ፣ የልማዱ ብርታትም አደጋም ነው። ወንድሙን ያኮረፈ ሰው «ለበዓሉ ስትል» ሲባል ኩራቱን ያጣል እንጂ ሌላ የሚጎድልበት የለም። ባሏ የሚመታት ሴት «ለበዓሉ ስትዪ» ስትባል የሚጎድልባት ሌላ ነው። ከውርስ የተገፋች እኅት፣ ታላቁ በደል ያደረሰበት ታናሽ ወንድምም እንዲሁ ናቸው። ታናሽ ለታላቅ የመነሣት ሥርዓት ባለበት ማዕድ ላይ የታላቅን ጥፋት ማንሣት ራሱ ጥፋት መስሎ ይታያል። ሽማግሌዎቹ በቅንነት የመጡ ቢሆኑም ዓይናቸው የሚያየው የተሰበሰበውን ቤተሰብ ነው፤ ማን ምን ከፍሎ እንደተሰበሰበ አይታያቸውም።

ሕጉ ከዚህ ቀደም የተማረው

የሀገሪቱ የቤተሰብ ሕግ ታሪክ ይህን አደጋ የሚያውቅ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለቤተሰብ ሽማግሌዎች ሰፊ ሥልጣን ሰጥቶ ነበር፤ የባልና ሚስት አለመግባባትም ሆነ የፍቺ ጉዳይ በመጀመሪያ የሚታየው በእነርሱ ፊት ነበር። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ ማለትም የ1992 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 213፣ ፍቺን የመወሰን ሥልጣን ለፍርድ ቤት ብቻ አድርጎ ሽማግሌዎችን በማስታረቅ ሥራ ወስኗቸዋል። አዋጁ በአዲስ አበባ ላይ በቀጥታ ተፈጻሚ ነው። ለማሻሻያው ከተከራከሩት መካከል የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ይገኝበታል። ከመከራከሪያዎቹ አንዱ ሽምግልና ሴቶችን ወደ በደል ቤት ይመልሳል የሚል ነበር። ሕጉ የዕርቅን ዋጋ አልካደም፤ ማስታረቅንና መወሰንን ግን ለያይቷቸዋል።

በውርስ ጉዳይ እንዲህ ያለ መለያ በተግባር አይታይም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት ልጆች፣ ወንድ ሴት ሳይባል፣ ወላጃቸውን በእኩል ድርሻ ይወርሳሉ። በከተማው ግን የወላጅ ቤት ብዙ ጊዜ ሳይከፈል፣ ከወላጅ ጋር የኖረው ልጅ እንደያዘው ይቀራል። «በእናታችን ቤት ልንካሰስ ነወይ?» የሚለው ቃል ክርክሩን ይዘጋል። እንዲህ እየተባለ በዓል በበዓል ሲተካ ሕጉ ጊዜ ይቆጥራል። የሕጉ አንቀጽ 1000 ወራሽነቱን የሚጠይቅ ሰው መብቱንና ንብረቱ በሌላ መያዙን ካወቀ ጀምሮ በሦስት ዓመት ውስጥ ካልጠየቀ ጥያቄው ሊታገድ እንደሚችል ደንግጓል። ድንጋጌው በየትኛው የወራሾች ክርክር ላይ እንደሚሠራ የሕግ ሰዎችን የሚያነጋግር ጉዳይ ነው። ለዚህ ጽሑፍ የሚጠቅመው ግን ቁጥሩ ነው፤ ሦስት ዓመት ማለት ሦስት ፋሲካ ማለት ነው። ለሦስት ፋሲካ «ዛሬ ስለ ቤቱ አይነሣም» የተባለች እኅት መብቷን በትሕትናዋ ልታጣ ትችላለች።

አንድ ቤት

ጸሐፊው ይህን ጉዳይ እንዲመረምር ያነሣሣው የገዛ ቤተሰቡ ነገር ነው። አያታችን ሲያርፉ ሳሪስ ያለው ቤታቸው ከእርሳቸው ጋር ይኖር በነበረው በመጨረሻ ልጃቸው፣ በአጎቴ እጅ ቀረ። ጀሞ የምትኖረው አክስቴ ድርሻዋን ጠየቀች። አጎቴ «እናቴን ያስታመምኳት እኔ ነኝ» አለ፤ እውነትም እርሱ ነበር። እርሷም «ያልከለከልከኝ ቢሆን እኔም አስታምም ነበር» አለች፤ እርሷም ያለ ምክንያት አልተናገረችም። ከዚያ በኋላ አልተነጋገሩም። የበዓሉ ቤት ወደ ታላቂቱ ወደ እናቴ ተዛወረ፤ አጎቴ ጠዋት፣ አክስቴ ከሰዓት በኋላ እየመጡ ሁለት ፋሲካ አለፈ። እናቴ በሁለቱም ዓመት ለሁሉም እንቁላል ቀቀለች። በየዓመቱም ማዕዱ ላይ የተረፈ እንቁላል ነበር።

በሦስተኛው ዓመት በቅዳም ሥዑር ከሰዓት በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። አንደኛው የእናቴ የንስሐ አባት ናቸው፤ ጠዋት ያደሉት ቄጤማ ገና በእጃቸው ነበር። ሁለተኛው የዕድራችን ዳኛ ሲሆኑ፣ ሦስተኛው የአያታችን የቀድሞ ጎረቤት የሆኑ ጡረተኛ ጸሐፊ ነበሩ። እናቴ ሁለቱንም በአንድ ሰዓት ጠርታ ኖሮ ሁለቱም በዚያው ነበሩ። ብዙ አልተባለም። አጎቴ ተነሥቶ የእኅቱን ጉልበት ሊስም ጎንበስ ሲል እርሷ ቀድማ ያዘችው፤ ታላቁ እርሷ ናትና ሥርዓቱ እንዲህ ነበር። «ይቅር ለእግዚአብሔር» ተባባሉ። ቄሱ ሊመርቁ ሲሉ አክስቴ እንዲህ አለች፦ «አባቴ፣ ወንድሜን ይቅር ብያለሁ። ቤቱን ግን ይቅር አላልኩም፤ እንዳይምታታብኝ።»

ክፍሉ ጸጥ አለ። የዕድሩ ዳኛ ቅር መሰኘታቸው በፊታቸው ይታይ ነበር፤ የታረቀ ሰው እንዲህ አይናገርም የሚሉ ይመስላሉ። መልስ የሰጡት ጡረተኛው ናቸው። «ልክ ነሽ ልጄ፤ የዛሬው የሰው ነው። የቤቱ ደግሞ ከዳግማይ ትንሣኤ ማግስት ነው። ሰነዱን ይዛችሁ እኔ ቤት ትመጣላችሁ» አሉ። ቀኑንና ሰዓቱን በማስታወሻቸው ጻፉት። ቄሱም በዚያ ላይ መረቁ።

ጾሙ ገና ስላልተፈታ ዕርቁን በማዕድ ማተም አልተቻለም። ሁለቱም ቅዳሴው እስኪያልቅ ቤት ቆይተው ሌሊቱን ፈሰኩ። ዕርቅና ጾም በአንድ ሌሊት ሲፈቱ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ሁለተኛው ቀጠሮ

ከላይ የተገለጸው ጉዳይ አንድ ቤት ብቻ ስለሆነ ጠቅላላ ድምዳሜ አይወጣበትም። ነገር ግን ጸሐፊው በጎረቤት ከሚያውቃቸው ሌሎች ዕርቆች ጋር ሲያስተያየው ልዩነቱ በአንድ ነገር ላይ ጎልቶ ታይቶታል፤ እርሱም የሁለተኛው ቀጠሮ መኖር ነው። በዋዜማ የተደረገ ዕርቅ ከበዓሉ በኋላ የተወሰነ ቀን ከሌለው፣ በቀጣዩ በዓል ዋዜማ ያው ኩርፊያ በዚያው ምክንያት ይመለሳል፤ ሽማግሌዎቹም ያንኑ ሰው ደግመው «ለበዓሉ» ብለው ይለምናሉ። በሁለተኛው ጊዜ ልመናው ይከብዳል፤ በሦስተኛው ግን የተበዳዩ ዝምታ እንደ ስምምነት ይቆጠራል።

ሁለተኛው ቀጠሮ ሲኖር ዋዜማው የሚችለውን ብቻ እንዲሠራ ይፈቀድለታል። ሰዎቹ ይነጋገራሉ፤ ይሳሳማሉ፤ ከአንድ ወጥ ይጎርሳሉ። ገንዘቡ፣ ድርሻው፣ የተመታው አካል ወይም የተበላሸው ስም ግን በሌላ ቀን፣ ማዕድ በሌለበት፣ አስፈላጊም ሲሆን በሕግ ባለሙያ ወይም በፍርድ ቤት ፊት ይታያል። የዚህ ዓይነቱ ቀጠሮ ለልማዱ እንግዳ አይደለም። ሽማግሌዎች በትዳርና በደም ጉዳይ ቀጠሮ መስጠትን ከጥንት ያውቁበታል። የበዓል ዕርቅን እንደ ቀላል ጉዳይ በመቁጠራቸው ብቻ በዚህ ላይ ሳይሠሩበት ቀርተዋል። በቤት ውስጥ ድብደባ ላይ ደግሞ ሁለተኛው ቀጠሮ እንኳ የሚበቃ አይመስልም፤ በዚያ ጉዳይ የመጀመሪያውን ዕርቅ ራሱን በበዓል ማዕድ ላይ አለመጠየቅ ይገባል የሚል አቋም ጸሐፊው አለው፤ ይህን አቋም የማይቀበሉ ሽማግሌዎች እንደሚኖሩም አይጠራጠርም።

በሌሎች ክፍለ ከተሞችና በክልል ከተሞች ወደፊት የሚደረግ ጥናት በዚህ ላይ ብዙ ሊጨምር ይችላል። ከዋዜማ ዕርቅ በኋላ ቀጠሮ የተያዘላቸውንና ያልተያዘላቸውን ቤተሰቦች ለሁለትና ለሦስት በዓላት መከታተል አንዱ መንገድ ነው። የጥሪውን፣ የቆጠራውንና የመልእክቱን ሥራ የሚሠሩት ሴቶች ከሽማግሌዎቹ ተርታ ለምን እንደማይቀመጡ መጠየቅም ሌላው ነው። በቤታችን ጉዳይ ሁለቱን በአንድ ሰዓት የጠራችው እናቴ ነበረች፤ በዕርቁ ሰዓት ግን ቡና እያፈላች ነበር።

ከዳግማይ ትንሣኤ ማግስት ሁለቱም በጡረተኛው ቤት ተገኙ። ነገሩ በአንድ ቀን አላለቀም፤ ግምት ማስወጣት፣ ሌሎቹን ወራሾች ማነጋገር፣ ሰነድ ማሟላት ነበረበት። አጎቴ ቤቱን ይዞ የአክስቴን ድርሻ በየጊዜው እንዲከፍል በጽሑፍ ተስማሙ። የመጨረሻውን ክፍያ የጨረሰው በተከታዩ ዓመት የገና ሰሞን ነው። ገንዘቡን በባንክ መላክ ሲችል፣ ከሳሪስ ተነሥቶ ጀሞ ድረስ ራሱ ይዞላት ሄደ።